ሰሜን ተራሮችን በእግር፣ ኢትዮጵያን በአውሮፕላን፦ የሩቅ በረራውን ጭስ ምን እናድርገው?

ሰሜን ተራሮች ላይ ትሬክ ማድረግ ለአየር ንብረት ቀለል ከሚሉ የጉዞ አይነቶች አንዱ ነው። ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ በእሜት ጎጎ አድርጎ ወደ ጨነቅ፣ ጉልበት ያለው ደሞ ቧሂትን ተሻግሮ እስከ ራስ ደጀን ድረስ፣ ሁሉም በእግር ነው፣ ዕቃውን ሚሸከመው በቅሎ ነው፣ ማታ ድንኳን ውስጥ ነው ሚታደረው፣ መብራት ቢባል የእጅ ባትሪ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ እዛ የቆየ ሰው ምግብ ከተበሰለበት ነዳጅና ከጎንደር ደባርቅ ካመላለሰው መኪና ውጪ ምንም ጭስ አላወጣም ማለት ይቻላል።

ግን ሰውየው የመጣው ከለንደን ወይ ከፍራንክፈርት ወይ ከዋሽንግተን ከሆነስ? ያኔ ሂሳቡ ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል፣ የጉዞው ጭስ ከሞላ ጎደል ሁሉም የወጣው ሰማይ ላይ ነው፣ ተራራው ላይ ሚደረገው ጥንቃቄ ሁሉ፣ ቆሻሻ ይዞ መመለሱ፣ እንጨት አለማንደዱ፣ ፕላስቲክ መቀነሱ፣ ከአንድ ሌሊት በረራ ጋር ሲተያይ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ተራራ ወዳድ የሆነው ፈረንጅ ይሄን ያውቃል፣ ብዙዎቹም ከልባቸው ይጨነቁበታል። ስዊድን ውስጥ በ2018 እና በ2019 በአውሮፕላን መሄድ ሊታፈርበት ይገባል ሚል እንቅስቃሴ ተነስቶ ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ባቡር አዙሮ ነበር፣ ግሬታ ቱንበርግም በ2019 ኒውዮርክ ለነበረው የአየር ንብረት ስብሰባ አትላንቲክን ያቋረጠችው በሸራ ጀልባ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከኛ በኩል ደሞ የፓርኩ መግቢያ ከተማ ደባርቅ ላይ ቱሪስት ከመጣ ቤቱ ሚበላ፣ ካልመጣ ግን ማይበላ ሰው አለ። ሁለቱም ጭንቀቶች እውነት ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም፣ እኔም እዚህ ጋ ማስረዳት ምፈልገው አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚሆንና ምን ቢደረግ እንደሚሻል ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። 1 ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ ሲቃጠል 3.16 ኪሎ ገደማ ካርበን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ከራሱ ከነዳጁ ክብደት ሚበልጠው ነዳጁ ውስጥ ያለው ካርበን ካየሩ ኦክስጅን ወስዶ ስለሚዋሀድ ነው። ለንደን አዲስ አበባ በቀጥታ 5,900 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ ደርሶ መልሱ 12 ሺ ሊሞላ ትንሽ ነው ሚቀረው። የተቃጠለው ነዳጅ ለተሳፋሪ ሲካፈል ኢኮኖሚ ክላስ ለተቀመጠ አንድ ሰው ደርሶ መልስ ወደ 1 ቶን ካርበን ዳይኦክሳይድ ይደርሰዋል። ከዋሽንግተን ከሆነ ርቀቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውምና 2 ቶን አካባቢ በሉት። ከቴልአቪቭ ወይ ከዱባይ ሚመጣ ሰው ደሞ መንገዱ 2,500 ኪሎሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ ወደ ግማሽ ቶን ነው። እነዚህ ግምቶች ናቸው፣ እንደ አውሮፕላኑ አይነትና እንደ ተሳፋሪው ብዛት ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ ግን መጠኑን ለመረዳት ይበቃሉ። ቢዝነስ ክላስ ሲሆን አንዱ ወንበር ሚወስደው ቦታ በጣም ሰፊ ስለሆነ የሰውየው ድርሻ ሁለትና ሶስት እጥፍ ይሆናል።

1 ቶን ታዲያ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? አንድ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅ፣ ከፋብሪካና ከመሳሰለው በአማካይ በዓመት ሚደርሰው ከ0.2 ቶን በታች ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከለንደን መጥቶ ሲመለስ ያወጣው ጭስ አምስት ኢትዮጵያውያን ዓመቱን ሙሉ ከሚያወጡት ይበልጣል፣ ከዋሽንግተን ሚመጣው ደሞ የአስር ሰው። የአሜሪካ አማካይ ግን ለአንድ ሰው በዓመት 14 ቶን አካባቢ ነው፣ ለአሜሪካዊው ይቺ 2 ቶን ከዓመቱ አንድ ሰባተኛ ናት፣ ለደባርቅ ገበሬ ግን የአስር ዓመት ድርሻው ናት። ስለ ፍትህ ሚነሳው ክርክር ሁሉ ከዚች ልዩነት ነው ሚመነጨው።

ካርበኑ ብቻም አይደለም። አውሮፕላን በጣም ቀዝቃዛና እርጥበት ያለው አየር ውስጥ ሲያልፍ ከኋላው ነጭ መስመር ይሰራል አይደል፣ ያ መስመር በረዶ ነው፣ አንዳንዴ ወዲያው ይጠፋል አንዳንዴ ግን ተዘርግቶ ስስ ደመና ይሆንና ከመሬት ወደ ላይ ሚወጣውን ሙቀት አፍኖ ይይዛል። ቀን ቀን የፀሐይን ብርሃን ወደ ላይ ስለሚመልስ በከፊል ይካካሳል፣ ማታ ግን ሚመለስ ብርሃን ስለሌለ ስራው ማሞቅ ብቻ ነው። አዲስ አበባን ከአውሮፓ ጋር ሚያገናኘው በረራ ደሞ በብዛት የሌሊት ነው፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ተነስቶ ጠዋት ሚደርስ። በ2021 የወጣ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው አቪዬሽን ሰው ካመጣው ሙቀት ውስጥ 3.5 በመቶ አካባቢ ድርሻ አለው፣ ከዚያም ውስጥ ሁለት ሶስተኛው ከካርበን ውጪ ባሉ እንደነዚህ ባሉ ነገሮች ነው ሚመጣው። እዚህ ላይ ጥሩ ዜና ሊባል ሚችለው፣ ከነጩ መስመር ሚመጣውን አብዛኛውን ሙቀት ሚያመጡት ጥቂት በረራዎች መሆናቸው ነው፣ ከፍታቸውን ትንሽ ቀየር አርገው ያንን እርጥብ አየር ቢሸሹት ብዙ ይቀንሳል።

3.5 በመቶ ሲባል "እና ምን አለበት፣ ትንሽ አይደል እንዴ" ሚል አለ። ትንሽ ሚመስለው አብዛኛው የዓለም ህዝብ አውሮፕላን ስለማይሳፈር ነው። ከኮቪድ በፊት ስለነበረው 2018 የተሰራ ስሌት ባንድ ዓመት ውስጥ የበረረው ከዓለም ህዝብ 11 በመቶ አካባቢ ብቻ እንደሆነ፣ ድንበር የተሻገረው ደሞ ከ4 በመቶ እንደማይበልጥ አሳይቷል፣ የተሳፋሪ አውሮፕላኖች ከሚያወጡት ጭስ ግማሹን ሚወስደው ደሞ የዓለም 1 በመቶ ሚሆን ሰው ነው። ማለትም ጭሱ የሁላችንም አይደለም፣ በየሳምንቱ ለስብሰባ፣ በየወሩ ለሁለት ቀን ሽርሽር ሚመላለስ ሰው ነው በብዛት ያመጣው። እድሜውን ሙሉ አጠራቅሞ አንዴ ሰሜን ተራሮችን ሊያይ ከመጣ መምህር ጋር እኩል ማስቀመጥ ልክ አይመስለኝም።

"አውሮፕላኑ እኔ ብሄድም ባልሄድም ይበራል" ሚለውንም መመለስ ያስፈልጋል ምክንያቱም ብዙ ሰው ከልቡ ሚያምነው ነገር ነው። የዛሬው በረራ አዎ ይበራል። አየር መንገድ ግን በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚበር፣ ትልቅ ወይ ትንሽ አውሮፕላን እንደሚያሰማራ ሚወስነው ወንበሩ ስንት ሰው እንደያዘው አይቶ ነው፣ ስለዚህ ትኬቱ ዛሬ ምንም ባይቀይር ለሚቀጥለው ዓመት ፕሮግራም ድምፅ ሰጥቷል።

የሚያሳዝነው ነገር በሙቀቱ ቀድመው ከሚጎዱት መሀል ሰውየው ሊያየው የመጣው ተራራ ራሱ መኖሩ ነው። ጅብራው፣ የጓሳ ሳሩ፣ ጭላዳው፣ ዋልያው፣ ቀይ ቀበሮው፣ እነዚህ ሁሉ ቀዝቃዛውን ከፍታ ይዘው ሚኖሩ ናቸው። ቆላው ሲሞቅ ቆላ ያለ ነገር ወደ ደጋ መውጣት ይችላል፣ ገብሱም እርሻውም ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላይ ያለው ግን ከዛ በላይ መሄጃ የለውም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ብቻ ነው፣ ቁጥሩም 500 አካባቢ ወይ ከዛ በታች ነው ሚባለው፣ ከግማሽ በላዩ ደሞ ባሌ ነው ያለው። ኑሮው አይጥ አድኖ ነው፣ አይጧ ምትኖረው በብርዱ ሜዳ ነው፣ ሜዳው ሲጠብ እሱም አብሮ ይጠባል።

እንግዲያውስ ፈረንጁ አይምጣ፣ ቢቀር ይሻላል ልንል ነው? እዚህ ጋ ነው ሰፊ ጊዜ መውሰድ ምፈልገው፣ ምክንያቱም "ቱሪስት ባይመጣስ" ሚለው ጥያቄ ለሌላው ዓለም የሀሳብ ጥያቄ ነው ለኛ ግን የሆነ ነገር ነው። በ2020 ኮቪድ መጣና በረራ ቆመ፣ በዛው ዓመት ህዳር ላይ የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፣ እሱ በ2022 መጨረሻ በስምምነት ሲቆም ሰው ትንሽ ተስፋ አርጎ ነበር፣ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ደሞ አማራ ክልል ውስጥ ሌላ ግጭት ገባ። ጋይዶቹ፣ ስካውቶቹ (መሳሪያ ይዘው እንግዳውን ሚያጅቡት)፣ ኩኮቹ፣ በቅሎ ጫኞቹ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን እንደሆኑ መጠየቅ አለብን። ስራው በማህበር ነው ሚሰራው፣ ሁሉም ተራውን ጠብቆ ነው ሚወጣው፣ በደህናው ጊዜ እንኳን አንድ በቅሎ ጫኝ ተራው ሚደርሰው በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው፣ ያቺ ጥቂት ጊዜ ምታመጣው ብር ግን ማዳበሪያ ምትገዛው፣ የልጅ ደብተር ምትገዛው እሷ ነበረች። ስትቀር በቅሎው ይሸጣል፣ ልጁ ከተማ ይሰደዳል፣ ሰው ወደ ፓርኩ ሳርና ወደ ፓርኩ እንጨት ይመለሳል፣ ሚጠብቀውም ስለሌለ አደን ይገባል። የዋልያው ቁጥር በነዚህ ዓመታት በጣም ነው የወረደው። ሰሜን ተራሮች በ1978 የዓለም ቅርስ ተብለው ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፣ ከሀያ ዓመት በላይ ተለፍቶ በ2017 ወጣ፣ ከዛ ሶስት ዓመት ሳይቆይ ነው ይሄ ሁሉ የመጣው። ስለዚህ በረራ ማቆም ብቻውን ተራራውን አያድንም፣ ያየነው ተቃራኒውን ነው። እርግጥ ጦርነት ሌላ ብዙ ጥፋት ይዞ ነው ሚመጣው፣ ሁሉንም በቱሪስት መቅረት ማሳበብ አይቻልም፣ ግን ተራራው ላይ ያለ ሰው ከተራራው ህያውነት ገንዘብ ካላገኘ ሚጠብቅበት ምክንያት እንደሚሳሳ ግልፅ ሆኗል።

ታዲያ ለኔ ጥያቄው ይበረር ወይስ አይበረር ሚለው ሳይሆን ያ 1 ቶን ምን አመጣ ሚለው ነው። ለማሳያ ያህል ሁለት አይነት እንግዳ ውሰዱ። ባልና ሚስት ከለንደን መጡ፣ ሁለቱ ደርሶ መልስ 2 ቶን አወጡ። አንደኛዎቹ ጎንደር አድረው በማለዳ በመኪና ሳንቃበር ደርሰው፣ ጭላዳ ፎቶ አንስተው፣ ከሆቴል የያዙትን ሳንድዊች በልተው ማታ ተመለሱ፣ በማግስቱ ላሊበላ በረሩ፣ ከዛ አክሱም በረሩ። ለደባርቅ የደረሰው የአንድ ጋይድና የአንድ ስካውት የአንድ ቀን ስራ ነው፣ ሁለት የስራ ቀን። ሁለተኛዎቹ ሰባት ቀን ተጓዙ፣ አንድ ጋይድ፣ አንድ ስካውት፣ አንድ ኩክ፣ ሁለት በቅሎ ጫኝ ይዘው፣ አምስት ሰው በሰባት ቀን 35 የስራ ቀን ነው፣ በዛ ላይ ድንኳኑ ከዛው ከተከራየ፣ ሽንኩርቱ ድንቹ ዶሮው ከደባርቅ ገበያ ከተገዛ፣ በጉ ከመንደር ከተገዛ ደሞ ይጨምራል። ጭሱ ያው 2 ቶን ነው፣ የመጀመሪያዎቹ እንዳውም የሀገር ውስጥ በረራ ስለደራረቡ በልጧል። አጭር በረራ ደሞ ለኪሎሜትር ሲታሰብ ከረጅሙ ይብሳል ምክንያቱም ብዙ ነዳጅ ሚበላው ተነስቶ ከፍታ እስኪይዝ ነው።

ስለዚህ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ምክሬ ጊዜህን አስረዝም፣ ብዛቱን ቀንስ ነው። በየዓመቱ ለአምስት ቀን ሌላ ሌላ አህጉር ከመዝለል፣ በአራት አምስት ዓመት አንዴ ለሶስት ሳምንት መምጣት፣ አንድ አካባቢ ላይ መቆየት፣ ቀጥታ በረራ መያዝ፣ ኢኮኖሚ መቀመጥ። ለአስጎብኚ ድርጅቶቻችንም ይሄ ይመለከታቸዋል፣ በስምንት ቀን ሰሜኑን በሙሉ በአውሮፕላን አዙሮ ሚጨርሰው ፓኬጅ ለሽያጭ ይመቻል እንጂ ገንዘቡን ለየቦታው ትንሽ ትንሽ አንጠባጥቦ ነው ሚያልፈው፣ ትልቁ ድርሻ ትኬትና ትልቅ ሆቴል ላይ ይቀራል።

በቴክኖሎጂ ይፈታል ሚል ተስፋም አለ፣ እሱንም እንየው። አዳዲሶቹ አውሮፕላኖች በእርግጥ ይሻላሉ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ ያመጣው ድሪምላይነርም፣ በ2016 ያስገባው ኤርባስ 350ም ከቀደሙት ወደ ሩብ ሚጠጋ ነዳጅ ይቆጥባሉ፣ ግን በረራው በዛው ልክና ከዛ በላይ ስለበዛ አጠቃላይ ጭሱ አልወረደም። ከምግብ ዘይት ተረፈ ምርትና ከመሳሰለው ሚሰራው አረንጓዴ ነዳጅ በ2024 ዓለም ላይ ከተቃጠለው የአውሮፕላን ነዳጅ 0.3 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበር። አውሮፓ ህብረት ከ2025 ጀምሮ ከአውሮፓ ኤርፖርቶች ሚቀዳው ነዳጅ 2 በመቶው እንደዛ እንዲሆን አስገድዷል፣ በ2030 6 በመቶ፣ በ2050 70 በመቶ ይሆናል ነው ህጉ ሚለው። ለዛሬ ተጓዥ ግን መልስ አይሆንም።

ህጉ ደሞ ቀዳዳ ብዙ ነው። በ1944 ቺካጎ ላይ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አውሮፕላን ታንኩ ውስጥ ይዞት የመጣው ነዳጅ ሲያርፍ እንዳይቀረጥ ይከለክላል፣ ከዛ ላይ ሀገራት እርስበርስ የፈረሟቸው ስምምነቶች ተጨምረው ያለም አቀፍ በረራ ነዳጅ ከሞላ ጎደል ያለ ታክስ ነው ሚሞላው፣ ደባርቅ ላይ ሚኒባስ ሚነዳ ሰው ግን ለነዳጁ ታክስ ይከፍላል። የአውሮፓ የካርበን ገበያ፣ ማለትም ድርጅቶች ለሚያወጡት ጭስ ሚከፍሉበት ስርዓት፣ ሚያስከፍለው አውሮፓ ውስጥ ላሉ በረራዎች ነው፣ ፍራንክፈርት አዲስ አበባ ነፃ ነው። ኮርሲያ ሚባለው የዓለም አቀፉ አቪዬሽን ድርጅት ፕሮግራም ደሞ አየር መንገዶቹን ሚያስከፍለው ከ2019 የዘርፉ ጭስ 85 በመቶ በላይ ለሆነው ብቻ ነው፣ ከዛ በታች ያለው አይነካም። በ2025 ስፔን ከተማ ሴቪያ ላይ ፈረንሳይ፣ ስፔን፣ ኬንያ፣ ሶማሊያና ሌሎች ሀገሮች ቢዝነስ ክላስና የግል ጄት ሚጠቀሙትን ለማስከፈል ተስማምተው ህብረት መስርተዋል፣ ለኔ ፍትሀዊው መንገድ እሱ ይመስለኛል፣ ሚነካው ብዙ ሚበረውንና ብዙ ሚከፍለውን ነው፣ አንዴ ሚመጣውን ተማሪ አይነካም።

የካርበን ክሬዲት ገዝቶ፣ ማለትም ሌላ ቦታ ጭስ እንዲቀነስ ወይ በዛፍ እንዲያዝ ከፍሎ፣ "ጭሴን አካክሻለሁ" ማለትስ? ክሬዲቱ በሚሄድበት ቦታ ይወሰናል። የሀገራችንን ጥሩ ምሳሌ ልንገራችሁ፣ ወላይታ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በ2006 አካባቢ ተጀምሮ አዲስ ችግኝ በብዛት ሳይተከል፣ ከመሬት ስር የቀረውን የዛፍ ጉቶ እየጠበቁና እየገረዙ በማሳደግ ነው ተመልሶ ደን የሆነው። ሰባት የገበሬ ህብረት ስራ ማህበራት ናቸው የያዙት፣ ወርልድ ቪዥን አግዟቸዋል፣ ክሬዲቱን የዓለም ባንክ ፈንድ ነው የገዛቸው። ምንጭ ተመልሷል፣ ሳር እያጨዱ ይሸጣሉ፣ ከካርበኑ በመጣው ብር የእህል መጋዘንና ወፍጮ ሰርተዋል። እንደዚህ አይነቱን መደገፍ በጣም ጥሩ ነው። ግን ያንተ 1 ቶን ዛሬ ማታ ሰማይ ላይ ይወጣል፣ ዛፉ ያንን ለመያዝ አመታት ይፈጅበታል፣ በመሀል ቢቃጠል ወይ ቢቆረጥ ተመልሶ ይወጣል፣ አንዳንዱ ክሬዲት ደሞ ድሮም ማይቆረጥ ደን ላይ የተሸጠ ነው። ስለዚህ ክሬዲቱን ለሁምቦ ገበሬ እንደተሰጠ ድጋፍ ውሰዱት፣ በረራውን ግን አያጠፋውም።

ዲያስፖራውን በተመለከተ ነገሩ ትንሽ ይለያል። እናቱን ሊጠይቅ፣ ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ለጥምቀት ከዋሽንግተን ወይ ከስቶክሆልም ሚመጣ ሰውን ከሽርሽር ጋር አንድ ላይ መቁጠር ልክ አይደለም፣ ለለቅሶ ባቡር ያዝ አይባልም፣ ባቡርም የለም። ግን ያ በረራ አንዴ ወጥቷል፣ ከአራቱ ሳምንት አምስቱን ቀን አውጥቶ ከልጆቹ ጋር ተራራ ቢወጣ ለዛ ጉዞ ሰማይ ላይ ተጨማሪ ጭስ አያወጣም። እዚያ ተወልደው ያደጉ ልጆች አዲስ አበባ ቤት ውስጥ ስልክ ይዘው ከሚሰለቹ ባሌ ላይ ፈረስ ጭነው ቢሄዱ ሀገራቸውንም በሌላ አይን ያዩታል። ብዙ ዲያስፖራ ለእረፍቱ ዱባይ ወይ ዛንዚባር ደርሶ ይመለሳል፣ ያ ሌላ በረራ ነው፣ ሌላ ግማሽ ቶን ነው።

ከሁሉ በላይ ግን እኔ ተስፋ ማደርገው በሀገር ውስጥ ተጓዥ ነው። ላለፉት ዓመታት አዲስ አበባ ላይ የሃይኪንግ ግሩፕ በጣም በዝቷል፣ ቅዳሜና እሁድ ባስ ተከራይተው እንጦጦ፣ የረር፣ ወንጪ፣ መናገሻ ሚሄዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። አንድ ባስ ሙሉ ሰው ወንጪ ደርሶ ሲመለስ 300 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ለአንድ ሰው ሚደርሰው ጭስ ከለንደን በረራ ጋር አይወዳደርም። ወንጪ በ2021 በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል፣ ፈረስ ሚያከራዩት፣ ጀልባ ሚቀዝፉት ያካባቢው ሰዎች ናቸው። ባሌ ደሞ እስከ ዲንሾና ጎባ አስፋልት ነው፣ በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮን በአይን ማየት ይቻላል፣ ከዛ ወደ ሀረና ደን ወርዶ የጫካ ቡና መጠጣት ይቻላል። መንዝ ጓሳን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፣ ከ400 ዓመት በፊት ጀምሮ ገበሬው ራሱ ህግ አውጥቶ፣ ሳሩ መቼ እንደሚታጨድ መቼ እንደሚዘጋ ራሱ እየወሰነ የጠበቀው ቦታ ነው፣ የዘላቂ ቱሪዝም ስልጠና ከመምጣቱ በፊት ዘላቂ የሆነ ነው፣ ቀበሮውም ጭላዳውም ዛሬ ድረስ ያለው በዛ ምክንያት ነው። ፀጥታው ሲፈቅድ ከአዲስ አበባ በመኪና ሚደረስበት መሆኑ ደሞ ሌላ ጥቅም ነው። ሰሜን ወሎ መቄት ላይም ገደሉ ጫፍ ላይ ማህበረሰቡ ራሱ የሰራቸው የእንግዳ ጎጆዎች አሉ፣ ገቢው ለማህበሩ ነው ሚገባው፣ ከመንደር መንደር በእግር እየሄዱ ማደሪያ ናቸው።

የሀገር ውስጥ ሰው ሚከፍለው ከፈረንጁ ያንሳል ሚሉ አሉ፣ እውነት ነው ያንሳል። ግን ዓመቱን ሙሉ ሊመጣ ይችላል፣ የጉዞ ማስጠንቀቂያ ከኤምባሲ አይጠብቅም፣ ዶላር ሲወጣ ሲወርድ አይቀርም። ኑሮን ሙሉ በሙሉ ከ6 ሺ ኪሎሜትር በሚነሳ በረራ ላይ ማንጠልጠል አደገኛ እንደሆነ ካለፉት ዓመታት በላይ ምን ያስረዳናል? ነገ ደሞ የካርበን ታክስ መጥቶ ትኬት ቢወደድ ቀድሞ ሚጎዳው ያው ደባርቅ ነው፣ ስለዚህ ከአሁኑ ሌላ እግር ያስፈልገዋል። ለዚህ ደሞ ለሀገር ውስጥ ተጓዥ ሚመች ዋጋ፣ ሚከራይ ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ፣ በግሩፕ ለሚመጣ ተማሪ ቅናሽ ያስፈልጋል፣ አሁን አንድ ወጣት ድንኳን ልግዛ ቢል ዋጋው ከደሞዙ ጋር አይገናኝም።

መሬት ላይ ያለውንም ባጭሩ። ተራራ ላይ እንጨት አታንድዱ፣ አስታው፣ የደጋው ዛፍ፣ ለማደግ ብዙ ዓመት ነው ሚፈጅበት፣ ለምግብ ጋዝ ወይ ላምባ ይያዝ፣ ስካውቱና በቅሎ ጫኙ ማታ እንዳይበርዳቸው ደሞ ብርድ ልብስና ማደሪያ አላቸው ወይ ብላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ምክንያቱም እንጨት ሚነደው ብዙ ጊዜ ሰው ስለበረደው ነው። ጭላዳን አትመግቡ። ሶፍትና ፕላስቲክ ይዛችሁ ውረዱ፣ ብርድ ስለሆነ እዛ ላይ ቶሎ አይበሰብስም። ክፍያ በማህበሩ በኩል ይሁን፣ ጉርሻ ለእያንዳንዱ በእጁ። የግጭ ሰዎችን ደሞ አስታውሱ፣ ካምፑ ያለበት ግጭ መንደር ነበር፣ በ2016 ነዋሪዎቹ ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ አካባቢ እንዲሰፍሩ ተደርጓል፣ ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ለመውጣቱ የነሱ መነሳት አንዱ ምክንያት ነው። መሬታቸውን ለተራራው የለቀቁ ሰዎች ናቸው፣ ከሚመጣው ስራ ቀድመው ማግኘት ያለባቸው እነሱና ልጆቻቸው ናቸው ብዬ ነው ማምነው።

በ2027 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ አዲስ አበባ ላይ ነው ሚካሄደው፣ ከመላው ዓለም በጣም ብዙ ሰው ስለ አየር ንብረት ሊነጋገር በአውሮፕላን ይመጣል። ያ ሁሉ ጭስ ይወጣል፣ ስብሰባው ደሞ መደረግ አለበት። ሆቴልና አዳራሽ ሲዘጋጅ አብሮ የሶስትና የአራት ቀን የእግር ጉዞ ከአሁኑ ቢዘጋጅ፣ ወንጪና ባሌ በመኪና፣ ሰላም ከሆነ ጓሳና ሰሜን ተራሮች፣ በጋይድ ማህበራቱ በኩል እንጂ በመሀል ደላላ ሳይሆን፣ እንግዳው ተመዝግቦ ሲመጣ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ሚቆይበትን ቀን እዛው ፎርሙ ላይ መርጦ እንዲመጣ ቢደረግ፣ ለዲንሾ ፈረሰኛና ለደባርቅ በቅሎ ጫኝ ብዙ የስራ ቀን ይሆናል።